ቬኒስ ድረስ ይዤው የሄድኩት መርዶ

ውሃው አይሸትም። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የወንድሜ ልጅ ሰብለ ባለፈው ዓርብ ከሰዓት «እቴቴ፣ ዛሬ ቬኒስን አሳይሻለሁ» ብላ ዶሃ፣ አል ሰድ ካለው ቤቷ በመኪና ይዛኝ ወጣችና፣ ባሕር ሞልተው በሠሩት ደሴት ላይ፣ ቦይና ትንንሽ ድልድይ በበዛበት ሰፈር አወረደችኝ። ቤቶቹ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ውሃ ሰማያዊ ናቸው። ሁሉም ትናንት የተቀቡ ይመስላሉ። ቦዩ በመሀላቸው ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ እንኳ አይንሳፈፍበትም። እኔ የማውቀው የቬኒስ ውሃ አረንጓዴ ነበር። እርጥብ ድንጋይና የዋለ ዓሣ ይሸታል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከምግብ ቤቶቹ ጓሮ የሚወጣ የዘይት ሽታ ይጨመርበታል። ሰብለ ይህን አታውቅም። ቬኒስ ሄጄ እንደነበር ለዘመድ አውርቼ አላውቅም። እሷ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መሐንዲስ ሆና የምትሠራ፣ በየዓመቱ አንድ አገር የምታይ ልጅ ናት፤ አክስቷ ከሰው ኩሽና ወጥታ ሌላ አገር አይታለች ብላ አታስብም። «አያምርም?» ስትለኝ «ያምራል» አልኳት። ውሃ ልትገዛልኝ ሄደች። እኔ ወደ አንዱ ድልድይ ጠጋ ብዬ ቆምኩ። ደረጃ አለው። ሳላስበው ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ነው።

አሁን ዶሃ የመጣሁት በእንግድነት ነው፤ ሰብለ ቪዛውንም ትኬቱንም ልካልኝ። ድሮ የመጣሁት ለሥራ ነበር። የሠራሁበት ሰፈር ኡም ሰላል መሐመድ ያን ጊዜ፣ ሰብለ ሰሞኑን በመኪና ስታሳልፈኝ እንዳየሁት አልነበረም። በግንብ የታጠሩ ጥቂት ቪላዎች፣ በመሀላቸው አሸዋ፣ ጥግ ላይ አንድ የሕንድ ሱቅ ነበር። በአንድ ሪያል ፈላፍል በዳቦ ይገኛል፤ በሦስት ሪያል ጠርሙሱ አረንጓዴ የሆነ የፀጉር ቅባት። የእኔና የፀዳለ የቤት ልብስ ግራጫ ሆኖ ነጭ ኮሌታ ነበረው። ፀዳለ ከናዝሬት የመጣች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ላይኛው ፎቅ ልብስ ስትተኩስ ከአገር ያመጣቻትን አንድ ካሴት እያገላበጠች ታጫውታለች። ካሴቱ አርጅቶ ሲጎተት ዘፋኙ ድምፁ ይወፍራል፤ እሷም አብራው ታወፍራለች። ማዳም ከታች «ፀዳለ፣ ኸላስ!» ብላ ስታስቆማት ሳቋ ደረጃውን ወርዶ እኔ ያለሁበት ኩሽና ይደርሳል። እኔን «እትዬ በላይነሽ» ነበር የምትለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ስለሆንኩ በየቤቱ የሚሠሩት የአገራችን ልጆች ደብዳቤ የሚያስነብቡት እኔን ነው፤ ከአገር ከባድ ነገር ሲመጣም መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነበር።

ከቤቱ ሰዎች ጋር ወደ ጣሊያን ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን የኩሽናው ስልክ ጮኸ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ክሬም ቀለም ያለው፣ ገመዱ እየተጠቀለለ የሚያስቸግር ስልክ ነው። ሩዝ ጥጄ ነበር። የደወለው የፀዳለ ወንድም ተፈራ ነው፣ ከናዝሬት ቴሌ። «እማዬ አርፋለች» አለኝ። «ትናንት ቀበርናት። እትዬ በላይነሽ፣ አደራ፣ ሰው ሳይሰበሰብ እንዳትነግሪያት። በሰው አገር ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንብንስ?» አደራውን ተቀበልኩ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰው በማለዳ ይሰበሰባል፤ አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል፤ ስትወድቅ የሚደግፉ ከጎኗ ይቆማሉ። ዓርብ ዓርብ ዕረፍት የሚወጡ አምስት ስድስት ልጆች ነበሩ፤ ከጣሊያን ስንመለስ አብረን እንነግራታለን ተባባልን። ደግ ሐሳብ ነበር። ሌላም ሐሳብ ነበረኝ፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ብደብቀው አይጠቅመኝም። ፀዳለ ከሰማች ማዳም ትታት ትሄዳለች፤ ያኔ ሦስት ልጅ፣ አንዱ ገና በጋሪ የሚገፋ፣ በማላውቀው አገር ለእኔ ብቻ ይቀራል።

ቬኒስ መኪና የለም። ማዳም ይህን ስትሰማ ለልጆቹ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ድልድዩ ሁሉ ደረጃ እንዳለው ግን የነገራት የለም። በየድልድዩ እኔ የጋሪውን መያዣ እይዛለሁ፣ ፀዳለ የፊት ጎማውን አንስታ የኋሊት ትወጣለች። ፊት ለፊት ነን፤ ሕፃኑ በመሀላችን ተኝቷል። የኋሊት ስለምትሄድ እንዳትደናቀፍ ደረጃውን ጮክ ብዬ እቆጥርላታለሁ። አንዱ አሥራ አራት ነው፣ አንዱ ሃያ ሁለት። ሌላው ሰው ቬኒስን በቤተ ክርስቲያኑና በሥዕሉ ያስታውሳል፤ እኔ በደረጃው ነው። ማዳም ጉብኝት ስንወጣ ሠራተኛ እንዳንመስል ብላ ሁለታችንንም አንድ ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ ረጅም ጉርድና አበባ ያለው ሻርፕ ገዝታልን ነበር፤ የፀዳለ ሻርፕ ቀይ አበባ ነበረው፣ የእኔ ቡናማ። አንድ ዓይነት ልብስ ስለለበስን ይሁን ጋሪውን ስለተሸከምን እንጃ፣ ሰው ሁሉ ያየን ነበር።

የምንውለው ትልቁ የባሕር ዳር መንገድ ላይ ነበር። በአንድ በኩል ሰፊው ውሃ፣ ዳሩን ይዘው በእንጨት ምሰሶ የታሰሩ ጥቁር ጀልባዎች፤ በሌላ በኩል የጥንት ገዥዎቻቸው ቤተ መንግሥት፣ ታቹ እንደ ዳንቴል የተወቀረ ድንጋይ፣ ላዩ ሮዝ ግድግዳ። አሁን ሰብለ ካመጣችኝ ሰፈር ያለው ሮዝ እንዲያ አይደለም፤ ያኛው የታጠበ፣ የደበዘዘ፣ ስንት ዘመን ፀሐይ የመታው ሮዝ ነው። አስጎብኚው በአረብኛ ይናገራል፤ ግማሹ ይገባኛል። ቤተ መንግሥቱን ከእስር ቤቱ ጋር የሚያገናኝ የተሸፈነ ነጭ ድልድይ አሳየንና፣ እስረኞች ባሕሩን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያዩት በዚያች ትንሽ መስኮት ነበር አለን። ማዳም «መስኪን» አለች። አይስክሬም ሦስት ሺህ ሊሬ ነበር፤ ለርግብ የሚበተን አንድ ጥቅል በቆሎ አንድ ሺህ። ባባ፣ የማዳም ባል፣ ለልጆቹ ሲገዛ እኛንም አይረሳም፤ ፀዳለ የሎሚ ያዘችና ሳትቀምሰው እጇ ላይ ቀለጠ። ያን ሰሞን ሳቋ አይሰማም ነበር። መንገድ ደክሟት ነው አልኩ። ይልቁንስ እሷ ነበረች «እትዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?» የምትለኝ። «ምንም» እላታለሁ፤ «ደረጃ እየቆጠርኩ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ማዳም ካሜራውን ሰጠችኝ። ፎቶ የማነሳው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። እሷና ባባ፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች፣ ነጩን ድልድይ ከኋላቸው አድርገው ቆሙ። ሁለት ጊዜ አነሳኋቸው። ካሜራውን ዝቅ ሳደርግ ጋሪው ግድግዳው ጥላ ሥር ቆሟል፤ የጎማው ማቆሚያ ተረግጧል፤ ሕፃኑ ፊቱ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍበት ተሸፍኖለታል። ፀዳለ የለችም። መጀመሪያ ሽንት ቤት ሄዳ ነው ተባለ። ከዚያ ባባ በአንዱ በኩል፣ አስጎብኚው በሌላው በኩል ሮጡ። ፓስፖርቷ ሆቴል፣ ባባ ጋ ነበር። ያለ ወረቀት፣ ያለ ሻንጣ፣ በዚያ ሰማያዊ ጉርድ ሄደች። ማዳም መንገድ ላይ አለቀሰች። «አንቺ ታውቂ ነበር!» አለችኝ። «ወላሂ አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ የማውቀው ሌላ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሪውን ድልድይ ያሻገርነው እኔና ባባ ነን፤ እሱ የኋሊት መሄድ አይችልበትም።

ዶሃ ተመለስን። ዓርብ ሲደርስ የአገራችን ልጆች ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው መጡ፤ የሚነግሩት ሰው አጥተው እንደያዙት ተመለሱ። ተፈራ ሲደውል የሆነውን ነገርኩት። ከዓመት በኋላ በሰው በሰው ሰማሁ፤ እዚያው ጣሊያን አንዲት አሮጊት ትጦራለች፣ ደህና ናት ተባለ። የእናቷን ነገር ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። ለራሴ የያዝኩት ታሪክ አንድ ነበር። ፀዳለ ለእናቷ ቆርቆሮ የለበሰ ሁለት ክፍል ቤት ስለማሠራት ሳታወራ ውላ አታውቅም፤ ስለዚህ የጠፋችው ለእናቷ ብላ ነው። አንድ ቃል ብነግራት ኖሮ፣ ለማትኖር እናት ብላ ያን ሁሉ አታይም ነበር። በሰው ቤት ሳረጅ፣ አገሬም ገብቼ ስቀመጥ፣ ይህን ነበር የማስበው። ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኳቸው።

«እትዬ በላይነሽ አይደለሽም?» የሚል ድምፅ ደረጃውን ከቆጠርኩት ድልድይ ላይ መጣ።

ቀና አልኩ። አጭር የተቆረጠ ሽበታም ፀጉር፣ ነጭ ሰፊ ሱሪ፣ አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ መነጽር። ሴትዮዋን አላወቅኳትም። ከዚያ ሳቀች። የድልድዩን መደገፊያ ያዝኩ።

«አላረጀሽም አልልሽም» አለች እየወረደች። «አርጅተሻል።»

«አንቺም ወፍረሻል» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ፓስታ ነዋ!» አለችና እንደ ፈረንጅ ግራና ቀኝ ብቻ ሳመችኝ።

ከሮም ወደ አዲስ አበባ እየሄደች ነው። ተፈራ ሞቷል፤ ለአርባው እየደረሰች ነው። በመሀል ዶሃ ብዙ ሰዓት ስለምትጠብቅ ከሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ በጉብኝት አውቶቡስ ወጥታለች። «እይልኝ» አለች ቀለም የተቀቡትን ቤቶች እያሳየችኝ፤ «ከጣሊያን ለመጣ ሰው ቬኒስን ያሳያሉ። ሥራ ፈቶች!» የድልድዩ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ስለ ተፈራ ነፍስ ይማር አልኳት። ሰብለ እስካሁን አልተመለሰችም። ያን ሁሉ ዓመት ሳብሰለስለው የኖርኩትን ነገር ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

«ፀዳለ» አልኳት። «ያን ጊዜ እናትሽ …»

«አውቅ ነበር።»

«አሁንማ ታውቂያለሽ። እኔ የምልሽ ያን ጊዜ …»

«ያን ጊዜ ነው የምልሽ እኔም። ላይ ቤት እየተኮስኩ ነበር፣ ስልኩ ሲጮህ በአንድ መስመር ያለውን የላይኛውን አነሳሁት። የተፈራን ድምፅ ስሰማ ልጮህ ነበር። ‹እማዬ አርፋለች› አለሽ። ዘጋሁት።»

ከፊታችን ቱሪስቶች በትንሽ ጀልባ ያልፋሉ፤ አንዲት ሕፃን እጇን ታወዛውዝልናለች። እኔም አወዛወዝኩላት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? መርዶ ለባለቤቱ ይነገራል እንጂ ባለቤቱ ሄዶ ይናገራል? ጠበቅኩሽ እኮ። ከምሳ በኋላ ትነግረኛለች እላለሁ። ማታ ስንተኛ ትነግረኛለች እላለሁ። አውሮፕላን ውስጥ አጠገብሽ ተቀምጬ ጠበቅኩሽ። እዚያ ደግሞ በየድልድዩ የኋሊት እየወጣሁ ፊትሽን ነው የማየው። አንቺ ‹አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት› ትያለሽ።»

«ተፈራ አደራ ብሎኝ ነው። ሰው ሳይሰበሰብ እንዳትነግሪያት ብሎኝ …»

«ሰው!» አለች። «ለእኔ ሰው አንቺ ነበርሽ።»

በዚህ አልጨረሰችም፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ የገበያ ወሬ እንደምታወራ ነበር። «በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለራሴ ምን አልኩ መሰለሽ? ቀጥሎ ባለው ድልድይ ከነገረችኝ አብሬያት እመለሳለሁ። ካልነገረችኝ ወደማን ነው የምመለሰው? ተሻገርነው። ወዲያ ጋሪውን ስናወርደው አፍሽን ከፈትሽ፤ እሰይ አልኩ። ‹ሻርፕሽን አስተካክይ፣ ማዳም ታያለች› አልሽኝ።»

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። ግን እኔ የምለው ነገር ነው። ለካ ለእናቷ ብላ አልጠፋችም። ያን ሁሉ ዓመት የተጸጸትኩት ባልሠራሁት ጥፋት ነበር፤ የሠራሁት ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ፊት ለፊቴ።

«ከዚያ በኋላስ ለቅሶ ተቀመጥሽ?» አልኳት።

«የት? አሮጊቷ ቤት? ለተፈራ ስደውልለት ‹ሰምተሻል አይደል?› አለኝ። ‹ሰምቻለሁ› አልኩት። ያው ነው። የነገረኝም ያስቀመጠኝም የለም። ስንት ሰው ለቅሶ ደርሼ ለሰው እናት አልቅሻለሁ፤ ለእሷ አንድ ቀን አልመጣልኝም።» ሰዓቷን አየች። «ንገሪኝ» አለች።

«ምን ልንገርሽ?»

«መርዶዬን።»

«እዚህ? ምን ነካሽ፣ ፀዳለ? ማንም በሌለበት? ሰብለ ትምጣና ቤት እንሂድ፤ ዓርብ ነው፣ የሠፈሩን ልጆች ልጥራ …»

«ዛሬም ሰው ልትሰበስቢ ነው?» አለች። «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።»

ተነሳሁ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የመጣሁበት ነጠላ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቀዘቅኩት። ሁለቴ ወደቀብኝ። እሷም ተነስታ ከፊቴ ቆመች፣ እጇን አጣምራ፣ ልክ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

«ፀዳለ፣ በርቺ» አልኳት። «እናትሽ አርፈዋል።»

«ምን ሆና?» አለችኝ። «ማን አጠገቧ ነበር? ስሜን ጠርታለች? እኔ የመጀመሪያውን ቃል ሰምቼ ነው የዘጋሁት። ተፈራን ልጠይቀው ስል ልቤ እምቢ እያለኝ እሱም ሄደ። ቀሪውን የሰማሽው አንቺ ነሽ።»

ተፈራ ነግሮኛል። ረጅም ነገር ነበር የነገረኝ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። እኔ የማዳምን ኮቴ እያዳመጥኩ ነበር፤ ሩዙ ማረር ጀምሮ ነበር። የስልኩን ቀለም አስታውሳለሁ። የገመዱን ጥቅልል አስታውሳለሁ። እሱ ያለውን ቆሜ ፈለግኩት፣ አንድም ቃል የለም። ስምሽን ጠርተዋል ብላት የሚመሰክርብኝ በሕይወት የለም። ያን ለማለት አፌን ከፍቼም ነበር።

«አላስታውስም» አልኳት። «ነግሮኝ ነበር፣ ፀዳለ። ልብ ብዬ አልሰማሁትም።»

የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝም አልሸሽም ነበር።

«እንኳን አልዋሸሽኝ» አለች።

ከዚያ ጉልበቷ ታጠፈ። ልይዛት ስል አብሬያት ወደ ደረጃው ወረድኩ። «እማዬ!» አለች አንድ ጊዜ፣ እንደ ሕፃን። ቀጥሎ ደረቷን እየመታች፣ ናዝሬት ያለች ይመስል በሙሉ ድምፅዋ አለቀሰች። ፎቶ ይነሱ የነበሩት ሰዎች ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰብለ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጥታ ከፊታችን ደርቃ ቀረች። «እቴቴ፣ ማናት? ምን ሆነች?» ትለኛለች። አልመለስኩላትም፤ በሁለት እጄ ፀዳለን ይዤ ነበር።

አንድ ረጅም ሱዳናዊ ጥበቃ በሬዲዮው እየተናገረ እየሮጠ መጣ። «እዚህ እንዲህ መጮኽ አይፈቀድም፣ ኻላ» አለኝ በአረብኛ፣ አክስቴ እንደማለት። «ምን ሆናችሁ?» አረብኛዬ ከአፌ ጠፋ። ፀዳለ ቀና አለች። ያን ሁሉ ዘመን ጣሊያን ኖራ የኡም ሰላል አረብኛዋ አብሯት ነበር።

«እናቴ ሞታ ነው» አለችው።

ሰውዬው ሬዲዮውን ዘጋ። ቆቡን አወለቀና አጠገባችን ቁጢጥ አለ። «አላህ ይርሐምሃ» አለ፣ ነፍሷን ይማር ሲል። «መቼ?»

«ዛሬ» አለችው። «አሁን ነገረችኝ።»